በምላሱ የመረመረው ኬሚስት፦ ካርል ሼሌ እና መርዘኛው አረንጓዴ

ሕፃን ልጅ ዓለምን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፉ ነው። እጁ የገባውን ሁሉ፣ ጨርቅም ይሁን ማንኪያ፣ አስቀድሞ ወደ ከንፈሩ ይወስደዋል። ቀለም የተቀባ የእንጨት ፈረስ ቢሰጡት ጆሮውን ይልሳል፤ ጥርስ ማውጣት የጀመረ እንደሆነም እግሩን ያኝካል። በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች ያ ፈረስ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመረመራል። ቀለሙ ይፋቃል፣ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ካድሚየም ወይም ሌላ ጎጂ ብረት ይለቅ እንደሆነ ይለካል።

ይህ ጥንቃቄ ባልነበረበት ዘመን፣ ልክ እንደ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ እያሸተተና እየቀመሰ የመረመረ አንድ ታላቅ ሰው ነበር። ካርል ቪልሄልም ሼሌ ይባላል። ከእጁ የወጣ አንድ ውብ ቀለም የልጆችን ክፍልና መጫወቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመርዝ አስጊጧል። ያንን መርዝ ከተደበቀበት ለማውጣት ያስቻለው የመጀመሪያ እርምጃም የተገኘው በዚያው እጅ ነው። ታሪኩ አንድን ነገር ማግኘትና የሚያስከትለውን ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ

ሼሌ የተወለደው በታኅሣሥ ወር 1742 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሽትራልዙንድ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ የጀርመን ብትሆንም በዚያን ጊዜ በስዊድን መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ ሼሌ ከ11 ልጆች መካከል ሰባተኛው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አላገኘም። ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ስዊድኗ የወደብ ከተማ ወደ ጎተንበርግ ተላከ፤ እዚያም ማርቲን ባውክ በተባለ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሥራ ለመልመድ ገባ።

በዚያ ዘመን መድኃኒት ቤት የመሸጫ ሱቅ ብቻ አልነበረም። ማዕድን የሚፈጭበት፣ ዕፅ የሚቀቀልበት፣ ጨውና አሲድ የሚነጠርበት፣ በዛሬው አነጋገር የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነበር። ወጣቱ ሼሌ ቀን ለጌታው ይሠራል፤ ሌሊት ደግሞ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት ያነባል፣ ያነበበውንም በራሱ እጅ ይሞክራል። በዚህ መልክ ስምንት ዓመታት ቆየ። መምህሩም ትምህርት ቤቱም ያ መድኃኒት ቤት ሆነለት።

በ1765 ወደ ማልመ፣ በ1768 ወደ ስቶክሆልም፣ በ1770 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወደሆነችው ወደ ኡፕሳላ ተዛወረ። በሄደበት ሁሉ ሥራው መድኃኒት መቀመም፣ ፍላጎቱ ግን የነገሮችን ባሕርይ መመርመር ነበር። በኡፕሳላ ሳለ ቶርበርን በርግማን የተባለው ስመ ጥር የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሊፈታው ያልቻለ አንድ እንቆቅልሽ ነበረው። ከመድኃኒት ቤቱ የተገዛ የባሩድ ጨው በእሳት ከተጋለ በኋላ አሲድ ሲጨመርበት ቀይ ጭስ ያወጣ ነበር። ፕሮፌሰሩ ጨውን ጥራት የጎደለው መስሎት ነበር። ሼሌ ግን ጨውን እሳቱ ራሱ እንደሚለውጠው አስረዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ሊቅና የመድኃኒት ቤቱ ረዳት ወዳጆች ሆኑ።

ብዙ ያገኘ፣ ጥቂት የተመሰገነ

ሼሌ በ43 ዓመት ዕድሜው የሠራው ሥራ ለብዙ ሰዎች ዕድሜ የሚበቃ ነው። ዛሬ ኦክስጅን ብለን የምንጠራውን ጋዝ በ1771 እና በ1772 ገደማ አግኝቶ ነበር። ስለ አየርና ስለ እሳት የጻፈው መጽሐፍ ግን ማተሚያ ቤት ዘግይቶ የታተመው በ1777 ነው። በዚህ መካከል እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ያንኑ ጋዝ በ1774 አግኝቶ ቀድሞ አሳወቀ። ሼሌ ቀድሞ ቢያገኝም ዘግይቶ በማሳወቁ ክብሩ ለሌላ ሰው ሆነ።

በ1774 በርግማን ባሳሰበው መሠረት አንድ ጥቁር የማንጋኒዝ ማዕድን መረመረ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ብዙ ነገር ወጣ። ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አገኘ። ማንጋኒዝ ራሱን የቻለ ብረት መሆኑን አመለከተ፤ ብረቱን ነጥሎ ያወጣው ወዳጁ ዮሃን ጎትሊብ ጋን ነው። በዚያው ማዕድን ውስጥ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አንድ ዐፈር መሰል ነገር ተገኘ። ይህም የባሪየም ውሁድ ነበር። የባሪየምን ስም አንባቢ በአእምሮው ይያዝልን፤ ወደ መጫወቻዎች ስንመለስ እናገኘዋለን።

በየካቲት ወር 1775 የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጠው። በዚያን ጊዜ ሼሌ የራሱ መድኃኒት ቤት ያልነበረው፣ የመድኃኒት ቀማሚነት ፈተናውንም ገና ያላለፈ ተቀጣሪ ነበር። በዚያው ዓመት በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ትንሿ የሾፒንግ ከተማ ሄደ። የከተማዋ መድኃኒት ቀማሚ ሞቶ ስለ ነበር ባልቴቷ ሥራውን የሚይዝላት ሰው ትፈልግ ነበር። ሌላ ገዢ መጥቶ መድኃኒት ቤቱን ሊወስደው በተቃረበ ጊዜ የከተማው ሰዎች ሼሌ እንዲቀርላቸው ቆሙ። እርሱም ቀረ። ከውጭ አገር የክብር ጥሪ ቢደርሰውም ከሾፒንግ አልወጣም።

አረንጓዴውና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ

ሼሌን ከልጆች መጫወቻ ጋር የሚያገናኘው ሥራ የተጀመረው በዚያው በ1775 ነው። በዚያ ዓመት ስለ አርሴኒክ በሰፊው ይመረምር ነበር። አርሴኒክ ከጥንት ጀምሮ ነፍሰ ገዳዮች የሚጠቀሙበት መርዝ ነው። ነጩ ዱቄቱ ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም እምብዛም አይታወቅም። ወጥ ወይም ቡና ውስጥ ቢገባ የሚለየው ሰው አልነበረም።

ከዚህ ምርምር ሁለት ነገሮች ተገኙ። የመጀመሪያው ቀለም ነው። ሼሌ የአርሴኒክን ውሁድ ከመዳብ ውሁድ ጋር ሲያዋህድ ከዕቃው ሥር ደማቅ አረንጓዴ ነገር ዘቀጠ። በዚያ ዘመን ጥሩ አረንጓዴ ቀለም ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከዕፅ የሚሠራው ይደበዝዛል፤ ቢጫና ሰማያዊ በማደባለቅ የሚገኘውም የሚፈለገውን ያህል አይደምቅም። የሼሌ አረንጓዴ ግን ርካሽና ብሩህ ነበር። አሠራሩ በ1778 በአካዳሚው መጽሔት ታትሞ ወጣ።

ሼሌ በውስጡ ምን እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ አርሴኒኩን ያስገባው ራሱ ነውና። አሠራሩ ከመታተሙ በፊት በ1777 በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀለሙ መርዘኛ መሆኑን የሚጠቀሙበት ሰዎች ሊያውቁ ይገባል የሚል ሐሳቡን ገልጿል። ሆኖም ቀለም ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ማስጠንቀቂያው አብሮት አይሄድም። ከፋብሪካ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ቀቢ፣ ከቀቢ ወደ ሕፃን ክፍል ሲሻገር የሚታየው ውበቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ጋዝ ነው። ሼሌ ዚንክን ከአርሴኒክ አሲድ ጋር ሲያገናኝ እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጋዝ ወጣ። ይህ ጋዝ ዛሬ አርሲን ይባላል፤ እጅግ ገዳይ ከሆኑት አንዱ ነው። ሼሌ አሸተተው፣ ሲቃጠል አርሴኒክን መልሶ እንደሚተው አስተዋለ፣ ጻፈው፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሥራው አለፈ። ያ አጭር ማስታወሻ ከ60 ዓመታት በኋላ ለፍርድ ቤት እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም።

ምላሱ መሣሪያው ነበር

በሼሌ ዘመን ኬሚስት የሚተማመንባቸው መሣሪያዎች ጥቂት ነበሩ። ሚዛን፣ ምድጃ፣ ጠርሙስና የከብት ፊኛ ነበሩት። የቀረውን የሚሠሩት ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ናቸው። አንድ ነገር ጎምዛዛ ከሆነ አሲድ ነው፤ ከሸተተ ሽታው ይመዘገባል። ሼሌም የሥራ ባልደረቦቹ እንደሚያደርጉት ያደርግ ነበር። በ1782 እና በ1783 ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባለውን ገዳይ ነገር ሲያገኝ ሽታውን ብቻ ሳይሆን ጣዕሙንም መዝግቧል።

በሾፒንግ የሚሠራበት ቦታ ቀዝቃዛና አየሩ የማይንሸራሸር ነበር። በዚያ ሆኖ ከሜርኩሪ፣ ከአርሴኒክና ከሌሎች መርዞች ጋር ዓመታት አሳለፈ። ከ30ዎቹ ዕድሜው መጨረሻ አንሥቶ ጤናው ታወከ፤ መገጣጠሚያዎቹን ያመው ጀመር፤ ኋላም ኩላሊቱና ቆዳው ታመሙ። ቢሆንም ሥራውን አላቆመም። ከወተት ላክቲክ አሲድን፣ ከሎሚ ሲትሪክ አሲድን፣ ከፖም ማሊክ አሲድን ለይቶ ያወጣው በእነዚሁ ዓመታት ነው።

በግንቦት ወር 1786 መሞቱ እንደማይቀር ባወቀ ጊዜ መድኃኒት ቤቱን ስትመራ አብራው የኖረችውን ባልቴት አገባ፤ ንብረቱን ልትወርስ እንድትችል ነው። ከሠርጉ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ በግንቦት 21 ቀን አረፈ። ገና የ43 ዓመት ሰው ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዕድሜውን ያሳጠረው የሚመረምራቸው መርዞች ክምችት እንደሆነ ያምናሉ።

ቀለሙ ከሠሪው በኋላ

ሼሌ ሲሞት አረንጓዴው ገና ጉዞውን መጀመሩ ነበር። በ1814 በጀርመኗ ሽቫይንፉርት ከእርሱ የሚደምቅ፣ ነገር ግን ያው አርሴኒክና መዳብ ያለበት ሌላ አረንጓዴ መመረት ጀመረ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሁለቱ አረንጓዴዎች አውሮፓን አልብሰዋት ነበር። የግድግዳ ወረቀት፣ የዳንስ ቀሚስ፣ ሰው ሠራሽ አበባ፣ ሻማ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ አልፎ ተርፎም የጣፋጭ ማስጌጫ በእነርሱ ተቀባ። የልጆች መጫወቻም አልቀረም።

በ1862 በምሥራቅ ለንደን በሊምሃውስ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ አራት ሕፃናት ተከታትለው ሞቱ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ተላላፊ የጉሮሮ በሽታ ነበር። ልጆቹ ይኖሩበት የነበረው ክፍል ግን በአረንጓዴ ወረቀት የተለበጠ ነበር። ወረቀቱ በኬሚስት ሲመረመር ብዙ አርሴኒክ ተገኘበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ያማረ ክፍል ያዘጋጁ መስሏቸው ሳያውቁ መርዝ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ ያስቻለው ጥበብ የተወለደው ከሼሌ ማስታወሻ ነው። በ1832 በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት የአያቱን ቡና በአርሴኒክ በክሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጄምስ ማርሽ የተባለው ኬሚስት አርሴኒኩን በጊዜው በነበረው ዘዴ አገኘው፤ ማስረጃው ግን ዳኞች ፊት እስኪቀርብ ድረስ ተበላሸ። ተከሳሹ በነፃ ተለቀቀ፤ በኋላም ወንጀሉን ራሱ አመነ። ማርሽ በዚህ ተቆጭቶ ወደ ሼሌ ጋዝ ተመለሰ። የተጠረጠረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ አርሴኒክ ካለበት ያንን ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ተቃጥሎ ቀዝቃዛ ሸክላ ሲነካ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር እድፍ ይተዋል። እድፉ አይጠፋም፤ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ማርሽ ይህን ዘዴ በ1836 አሳተመ። ከሚሊግራም እጅግ ያነሰ አርሴኒክ እንኳ ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለም።

ማወቅ ከተቻለ በኋላ ሕግ ማውጣት ይቻላል። ጀርመን በሐምሌ ወር 1887 ለጤና ጎጂ የሆኑ ቀለሞችን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ምግብን ብቻ ሳይሆን መጫወቻዎችንም በስም ይጠቅሳል። አርሴኒክ፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሼሌ በ1774 ያገኘው ባሪየምም አብሯቸው ተቆጥሯል።

የሕፃን ሆድ በላቦራቶሪ

ከዚያ ወዲህ አርሴኒካማው አረንጓዴ ከገበያ ጠፋ። ሌላው ጎጂ ብረት፣ እርሳስ፣ ግን ብዙ ቆየ። እርሳስ ቀለምን ያደምቃል፣ ቶሎ ያደርቃል፣ ዕድሜውን ያረዝማል። በሕፃን አካል ውስጥ ግን አእምሮን ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጉዳት ነፃ ነው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። አሜሪካ ለቤት ቀለምና ለመጫወቻ ቅብ ጥብቅ ገደብ ያወጣችው በ1978 ነው። ይህም ሆኖ በ2007 በአሜሪካ 1.5 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ባቡር መጫወቻዎች በቅባቸው ውስጥ እርሳስ በመገኘቱ ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ባቡሮቹ ያማሩ፣ የታመኑና በየልጁ እጅ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ገደቡ ከ600 ወደ 90 ሚሊግራም በኪሎ ወረደ፤ ከ2009 ጀምሮም ይሠራበታል።

ዛሬ ምርመራው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው በቅቡ ውስጥ በጠቅላላ ምን ያህል ብረት እንዳለ መለካት ነው። ሁለተኛው፣ በአውሮፓ የመጫወቻ ደረጃ የሚሠራበት፣ ልጁ ቢውጠው ከቅቡ ምን ያህል እንደሚለቀቅ መለካት ነው። ሠራተኛው ቀለሙን ከእንጨቱ ላይ ፍቆ ያደቅቀዋል፣ በወንፊት ይነፋዋል። ከዚያም በጣም ቀጭን በሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ያስገባዋል። በሆዳችን ያለውም ይኸው አሲድ ነው። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ማለትም የሰው ገላ ሙቀት ነው። አንድ ሰዓት ይናጣል፣ ሌላ አንድ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። በመጨረሻም ፈሳሹ ተጣርቶ በሺዎች ዲግሪ በሚግል ጋዝ ውስጥ ይረጫል። እያንዳንዱ ብረት በዚያ ሙቀት የራሱን የብርሃን ቀለም ያወጣል፤ መሣሪያውም ብርሃኑን አይቶ ብረቱን በስሙና በመጠኑ ይለየዋል።

ሁለቱ መንገዶች ለምን እንዳስፈለጉ ባሪየም ጥሩ ምሳሌ ነው። ባሪየም ሰልፌት የተባለውን ነጭ ነገር ሐኪሞች ለኤክስሬይ ምርመራ ለታካሚ ያጠጣሉ፤ በሆድ ውስጥ ስለማይሟሟ እንደ ገባ ይወጣል። የሚሟሟው የባሪየም ውሁድ ግን ይገድላል። ስለዚህ ለአንዳንድ ብረት ዋናው ጥያቄ አለ ወይስ የለም የሚለው ሳይሆን ይለቀቃል ወይስ አይለቀቅም የሚለው ነው። ለእርሳስ ግን የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቀደውን እያጠበበ መጥቷል። ከተፋቀ ቅብ ሊለቀቅ የሚችለው የእርሳስ ገደብ በ2018 በኪሎ ከ160 ወደ 23 ሚሊግራም ተቀንሷል።

ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ሚሊግራም በኪሎ የሚገድብ ደንብ በ2018 አውጥታለች። ሆኖም ደንብ ብቻውን አይበቃም። በውጭ አገር የሚኖር ሰው ለእኅቱ ልጅ በሻንጣ የሚልከው፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ የተገኘ የእንጨት መጫወቻ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ቅቡ የተላላጠ፣ ሠሪውና ዘመኑ የማይታወቅ ከሆነ ከሕፃን እጅ ማራቅ ይሻላል። በአዲሱ ላይ ደግሞ የአምራቹን ስምና የዕድሜ ምልክቱን መመልከት፣ አገሩ ከገበያ የሚሰበስባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ዓይን ቀይ ቀለምን ከቀይ ቀለም አይለይም፤ ምላስም እንዲሁ።

ካርል ሼሌ ያረፈባት ሾፒንግ ዛሬም ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ሰው በዘመኑ ከምላሱ የተሻለ መመርመሪያ ስላልነበረ፣ የነገሮችን ባሕርይ በገዛ አካሉ ገዛው። ዛሬ በሞቀ አሲድ ውስጥ የሚናጠው ጠርሙስ የእርሱንም የሕፃኑንም ቦታ ተክቶ ይቀምሳል። ማንም ሕፃን ለቀለም ሠሪ መመርመሪያ እንዳይሆን ያ ጠርሙስ አስቀድሞ መቅመስ ይኖርበታል።